አልማዝ ተሰማ ተብላ የተመዘገበችው ሴት

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ጋቢ አለበሱኝ፣ ኬክ አስቆረሱኝ፣ ከዚያም ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ሰው ተነሥቶ ንግግር አደረገ። ሰውየው ቡራዩ ጤና ጣቢያ ሳለሁ የተሳተፍኩበት የምርምር ሥራ አስተባባሪ የነበረ ነው። «በሲስተር ወይንሸት ትጋት፣ በዚያ ሁሉ ረብሻ መሀል፣ የማህፀን በር ካንሰር የሚያመጣው ቫይረስ ከተገኘባቸው ሴቶች አንዲትም አላመለጠችንም» አለ። ሰው አጨበጨበ። ተነሥቼ «ውሸት ነው» ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም። ዕድሜውን ሙሉ መንግሥት ቤት የሠራ ሰው ኬክ በእጁ ይዞ እውነት መናገር ይከብደዋል። ይህን የምጽፈው ያን ቀን ዝም ስላልኩ ነው። ንዴቱ ዛሬም አልበረደልኝም፤ እንዲበርድልኝም አልፈልግም።

ሥራ የጀመርኩት ሰበታ ነው። አዋላጅ ነርስ ሆኜ ስመደብ ጤና ጣቢያው ሁለት አልጋና አንድ የተሰነጠቀ የእጅ መታጠቢያ ነበረው። የደመወዙን ነገር አላነሣም፤ ያው የሁላችንም ነው። ያተረፍኩት ነገር ቢኖር ሲስተር ዘነቡን ነው። እሳቸው የዚያው አገር ልጅ ናቸው፤ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እኩል ይናገሩታል፣ በሁለቱም እኩል ይቆጡበታል። ለማህፀን ምርመራ የምንጠቀምበትን መክፈቻ ሴቶቹ «ብረቱ» ነው የሚሉት፤ ገና ሲያዩት ቀሚሳቸውን ሰብስበው የሚወጡ ነበሩ። ሲስተር ዘነቡ ብረቱን ለብ ባለ ውሃ ያሞቁና መጀመሪያ በራሳቸው ክንድ ይለኩታል። ቀጥሎ ለሴትዮዋ በእጇ ይሰጧታል። «ያዢው፤ ክፈቺው፤ ዝጊው። በቃኝ ካልሽኝ በቃ ነው» ይሏታል። ታካሚን «ዘና በይ» የምትል ነርስ ካገኙ ደግሞ አለቀላት። «እስቲ አንቺ እዚያ ላይ ውጪና ዘና ብለሽ አሳዪን!» ብለው ያሳፍሯታል። እኔንም አንድ ጊዜ እንዲህ አድርገውኛል፤ ሁለተኛ ያን ቃል አልወጣኝም።

ከዓመታት በኋላ ሁለታችንም ቡራዩ ተዛውረን ሳለን የኮምጣጤ ምርመራ የሚባለው መጣ። የማህፀን በር ላይ በውሃ የቀጠነ ኮምጣጤ ይቀባል፣ አንድ ደቂቃ ይጠበቃል፣ ወደ ካንሰር ሊሄድ ያሰበ ቦታ ካለ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ቀላል የሚመስለው ለማያውቀው ነው። ችግሩ ያቺ አንድ ደቂቃ ናት። ውጭ ወረፋው ተሰልፏል፣ ሴትዮዋ ታቃስታለች፣ ነርሷ ትቸኩልና ደቂቃው ሳይሞላ «ንጹሕ ነሽ» ትላለች። ሲስተር ዘነቡ ሰዓት አያዩም ነበር። ክርስቲያኗን «አባታችን ሆይ በይ፤ ስትጨርሺ ድገሚው»፣ ሙስሊሟን «ፋቲሃን ሦስቴ ቅሪ» ይሏታል። እሷ እስክትጨርስ እሳቸው ባትሪውን ከጎን ይዘው ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ያያሉ። ከፊት ለፊት የበራ መብራት ሁሉንም ነጭ ያስመስላል፤ ከጎን ሲሆን ግን የነጩ ጠርዝ ይለያል። ዓይኔን ያሠለጠኑልኝ እሳቸው ናቸው፤ ስለዚህ ዓይኔን አላመንኩትም ስል ምን ማለቴ እንደሆነ በኋላ ይገባችኋል።

አንድ ሌላ ልማድ ነበራቸው። ሴት ሲመዘግቡ በስም አይጀምሩም። «ልጆችሽ እነማን ናቸው? ቤትሽ በምን በኩል ነው? ቡና የምትጠራሪያት ጎረቤት ማን ናት?» ብለው ይጠይቁና ደብተራቸው ላይ «ሃዸ ጫላ፣ ከወፍጮ ቤቱ በላይ፣ ከዘሃራ ሱቅ ጀርባ» ብለው ይጽፋሉ። ሃዸ ጫላ የጫላ እናት ማለት ነው፤ በሰፈሩ የምትጠራው በዚያ ነው።

«ሲስተር፣ ይሄ የሕክምና መዝገብ ነው ወይስ የፖስታ ቤት?» ብዬ ሳቅኩባቸው።

«አንቺ ሳቂ» አሉኝ። «ስሟን ምን አደርገዋለሁ? እኔ የምፈልገው ስትጠፋ ማግኘት ነው።»

ምርምሩ የመጣው እሳቸው ጡረታ ከወጡ በኋላ ነው። እውነቱን ለመናገር ሐሳቡ ግሩም ነበር፤ ንዴቴ በሐሳቡ ላይ አይደለም። ብረት የለም፣ አልጋ ላይ መውጣት የለም፣ እግርን ከፍቶ ለሰው መታየት የለም። ሴትዮዋ አንዲት ለስላሳ ብሩሽ ይዛ ከመጋረጃ ኋላ ትገባለች፤ ራሷ ታስገባዋለች፣ ታዞረዋለች፣ የብሩሹን ጫፍ ትንሿ ጠርሙስ ውስጥ ከትታ ትወጣለች። ናሙናው አዲስ አበባ ላቦራቶሪ ሄዶ ቫይረሱ መኖር አለመኖሩ ይታያል። እንዲህ ቀድመው የተገኙ ሴቶች ካንሰር ሳይሆንባቸው ይታከማሉ። ምርምሩ ሊያውቅ የፈለገው ሴቶቹ ራሳቸው የሚወስዱት ናሙና ይታመናል ወይ፣ የተገኘባቸውስ እስከ ሕክምናው ይደርሳሉ ወይ የሚለውን ነበር።

ማስተማሩ የእኔ ሥራ ነበር፤ ወደድኩት። የግራ እጄን ጨብጬ በጭብጤ ቀዳዳ ብሩሹን እያስገባሁ አሳያቸዋለሁ።

«እስከ የት ነው የማስገባው?» ትላለች አንዷ።

«እምቢ እስኪልሽ።»

«ውስጥ ቢቀርብኝስ?»

«የት ሊሄድ? ሰበታ ይደርሳል ብለሽ ነው?»

ይስቃሉ። የሳቀች ሴት እጇ አይንቀጠቀጥም። ከመጋረጃው ኋላ ገብታ «ይኸው ነው እንዴ? ለዚህ ነው ይህን ሁሉ ዓመት የፈራሁት?» ብላ የወጣች ሴት አስታውሳለሁ። ለብዙ ቀን አስደስታኛለች።

ያበላሸን ፎርሙ ነው። ሙሉ ስም እስከ አያት፣ ቀበሌ፣ የቤት ቁጥር፤ ከዚያ ደግሞ «የመኖሪያ ቤቱ ባለቤት ማን ነው? መሬቱስ በማን ስም ነው?» ይላል። የሴቶቹን የኑሮ ደረጃ ለማወቅ ነው ተባልን። ፎርሙን ያዘጋጁት ሰዎች ቡራዩን በመኪና መስኮት እንኳን አይተዋት ያውቁ እንደሆነ እንጃ።

ጊዜው «ማስተር ፕላን» የሚለው ቃል ከሰው አፍ የማይወርድበት ነበር። አዲስ አበባ ልትሰፋ ነው፣ ቡራዩን፣ ሰበታን፣ ሱሉልታን ልትጠቀልል ነው፣ ገበሬው ሊነሣ ነው ይባላል። የአምቦ መንገድ አንድ ቀን በድንጋይ ይዘጋል፣ በማግስቱ ይከፈታል። በሌላ በኩል ያለ ፈቃድ የተሠሩትን ጨረቃ ቤቶች ዶዘር እየመጣ ያፈርሳል። ገበሬው መሬቴን ሊለኩት ነው ብሎ ይፈራል፤ ከወሎ ከጎጃም መጥቶ ጨረቃ ቤት የሠራው ቤቴን ሊቆጥሩት ነው ብሎ ይፈራል። እኔ በዚህ መሀል ነጭ ጋውን ለብሼ፣ እስክሪብቶ ይዤ፣ «መሬቱ በማን ስም ነው?» እላለሁ። ከዚህ የበለጠ ጅልነት አለ?

ሌንሴ የምትባል የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አብራኝ ነበረች፤ እሷ ሰፈር ለሰፈር እየዞረች ሴቶቹን ትጠራለች፣ የምመዘግበው እኔ ነኝ። «ሲስተር፣ እቺን ጥያቄ ብንተዋትስ? ሰው በክፉ ዓይን እያየን ነው» አለችኝ። አስተባባሪው ጋ ደወልኩ። «ሲስተር፣ አንድ ሳጥን ባዶ ከሆነ ፎርሙ ውድቅ ነው» አለኝ። እሺ አልኩ። እሺ ያልኩት ፈርቼ ብቻ አይደለም። ፎርሟ የጸዳ ነርስ ተብዬ መመስገን ፈልጌ ነበር። የሲስተር ዘነቡን «ከወፍጮ ቤቱ በላይ» ለምርምር የማይመጥን የባላገር ነገር አድርጌ ቆጠርኩት።

ሌላም ጥፋት አለብኝ። ሴቶቹ ብሩሹን ሲመልሱ ቁጥር ያለባት ብጣሽ ወረቀት እሰጣቸውና «ውጤቱ ደህና ከሆነ አንጠራችሁም። ችግር ካለ ቤታችሁ ድረስ እንመጣለን። ካልመጣን ደህና ናችሁ» እላቸው ነበር። እንዳይጨነቁ ብዬ ነው። ይህን ቃል ያወጣሁት እኔው ነኝ፤ ማንም አላዘዘኝም።

ናሙናዎቹ ከሄዱ በኋላ ረብሻው ባሰ። መንገድ ተዘጋ፣ ኢንተርኔት ጠፋ፣ የመጋረጃ ክፍላችን የቁስለኛ ማሰሪያ ሆነች። በወር ይመጣል የተባለው ውጤት ዝናብ መጥቶ ሄዶ ደረሰ። ቫይረሱ የተገኘባቸውን ሴቶች አንድ በአንድ እያፈላለግን አገኘን፤ አንዷ ብቻ ቀረች። አልማዝ ተሰማ። ስልክ የለም፤ የቤት ቁጥር አለ።

ሌንሴን እንሂድ አልኳት። «ሲስተር ይሙቱ፣ እኔ ዝርዝር ይዤ ሰፈር አልገባም። ትናንት የመሬት ሰላይ ብለውኛል» አለች። ብቻዬን ሄድኩ። የቤት ቁጥሩ ያደረሰኝ ዶዘር ያገላበጠው ጭቃና የተጨማደደ ቆርቆሮ ዘንድ ነው። እዚያው አጠገብ በቆሎ የምትጠብስ ሴት ስጠይቃት «አልማዝ? ቤቷን ካፈረሱባት በኋላ ሱሉልታ ገብታለች። የድንጋይ ሥራ ላይ ናት አሉ» አለችኝ። በደስታ ልስማት ምንም አልቀረኝም።

በሁለት ሚኒባስ እንጦጦን ተሻግሬ ሱሉልታ ወረድኩ። ግማሽ ቀን ፈልጌ አገኘኋት፤ ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፣ ጭንቅላቷን በሻሽ ጠምጥማ ድንጋይ ታቀብላለች። ወደ ጎን ወስጄ ነገርኳት።

«ብሩሽ?» አለች። «እኔ ከጥርስ ብሩሽ በቀር አላውቅም።»

«አልማዝ ተሰማ አይደለሽም?»

«ነኝ።»

«ቡራዩ አልነበርሽም?»

«ነበርኩ። ግን እናንተ ጀመርን ከምትሉት በፊት ነው ያፈረሱብኝ። ያን ጊዜ እኔ እዚህ ነኝ።»

አላመንኳትም። ስልጠና ላይ «ቫይረሱ በግብረ ሥጋ ስለሚተላለፍ ብዙዎቹ ያፍራሉ፣ ይክዳሉ፤ በትዕግሥት አሳምኗቸው» ተብለናል። እኔም ታገሥኩ። ያ ትዕግሥቴ ምነው በቀረብኝ! ስለ ካንሰሩ ነገርኳት፣ ስለ ሞቱ ሴቶች ነገርኳት፣ በመጨረሻም «ልጆችሽን ማን ያሳድግልሻል?» አልኳት።

«ሲስተር በወላዲቷ፣ እኔ አይደለሁም» አለች፤ ስትክደኝ ይህ ሦስተኛ ጊዜዋ ነው። ቀጥላ ግን ማልቀስ ጀመረች። የልጆቿ ነገር ገባት። በሳምንቱ ቡራዩ መጣች።

ብረቱን አሙቄ በእጇ ሰጠኋት። ኮምጣጤውን ቀባሁ። አባታችን ሆይን ሁለት ጊዜ አለች። ባትሪውን ከጎን ያዝኩ። ምንም የለም። ሮዝ፣ ለስላሳ፣ ንጹሕ። ዓይኔ «ይቺ ሴት ጤነኛ ናት» አለኝ፤ ወረቀቱ «ታማለች» አለኝ። መመሪያው ቫይረሱ ከተገኘ ነጭ ባይታይም ይታከም ይላል። ወረቀቱን አመንኩ። በጋዝ የሚቀዘቅዘውን፣ የታመመ ሥጋን በብርድ የሚገድለውን መሣሪያ አንሥቼ የማህፀኗን በር አቀዘቀዝኩት፤ ሦስት ደቂቃ፣ አምስት ደቂቃ ዕረፍት፣ ደግሞ ሦስት ደቂቃ። ጥርሷን ነክሳ ቻለችው። «ለአንድ ወር ከባለቤትሽ ጋር አትገናኚ፣ ከባድ አትሸከሚ» ብዬ ሸኘኋት። ፎርሙ ላይ «ተገኝታ ታክማለች» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። አስተባባሪው ደውሎ እንኳን ደስ ያለዎት አለኝ።

ሁለት ዓመት አለፈ። አንድ ጠዋት አርባ አምስት ዓመት ገደማ የሚሆናት የገበሬ ሚስት ነጠላዋን አፍንጫዋ ድረስ ተሸፋፍና መጣች። ገና ስትቀመጥ ሽታው ነገረኝ። በዚህ ሥራ የቆየ ሰው ያን ሽታ ያውቀዋል፤ ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም።

«አካም ጅርታ፣ እናቴ? ምን ሆንሽ?»

«ደም እምቢ አለኝ» አለች። ከዚያ እንደ ሰላምታ ቀለል አድርጋ «ሲስተር፣ ያ ብሩሽ ምን አለ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«የቱ ብሩሽ?»

ከጡቷ ሥር መሐረብ አወጣች፣ ቋጠሮውን ፈታች፣ ብጣሿን ወረቀት ሰጠችኝ። «ካልመጣን ደህና ናችሁ አላሉም? ጠበቅኩ። አልመጡም። ደህና ነኝ ብዬ ተቀመጥኩ።»

መዝገቡን አወጣሁ። ከቁጥሩ ፊት ለፊት የተጻፈው አልማዝ ተሰማ ነው። ከፊት ለፊቴ የተቀመጠችው ግን፣ ስጠይቃት እንደነገረችኝ፣ በዳቱ ናት፤ የገመቹ እናት፣ የአልማዝ የድሮ ጎረቤት።

«ለምን የሰው ስም ሰጠሽኝ?» ብዬ ጮህኩባት። አዎ፣ ጮህኩባት።

አልተቆጣችም። «መሬቱ በማን ስም ነው አሉኛ» አለች። «እኔ ስሜን ብሰጥ መሬታችን ሊሄድ ነው። የአልማዝን ቤት አፍርሰው ጨርሰዋል። ከእንግዲህ እሷን ምን ያደርጓታል?»

ሁለት ዓመት ሙሉ እኔን ስትጠብቅ ኖራለች። እኔ ደግሞ የእሷን በሽታ ይዤ ሱሉልታ ድረስ ሄጄ ከጤነኛ ሴት ላይ ለጠፍኩት። በጊዜው ቢደረስላት ትድን ነበር ወይ ብዬ አንድ ሐኪም ጠይቄያለሁ፤ «ምናልባት» አለኝ። ያቺ «ምናልባት» ናት የምታነደኝ። አዲስ አበባ ሆስፒታል ላክኋት። የጨረር ሕክምና ወረፋ ያዢ አሏት፤ ወረፋው ከእሷ ዕድሜ ይረዝም ነበር።

አስተባባሪውን ቢሮው ድረስ ሄጄ ነገርኩት። ሪፖርቱ ይታረም አልኩት። «ገብቷል እኮ ሲስተር» አለ። «አንድ ሰው ናት፤ ውጤቱን አትቀይረውም። ደግሞ ይነሣ ቢባል መጀመሪያ የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት። ፊርማው የእርስዎ ነው።» ውሸት አልተናገረም። ፊርማው የእኔ ነው። ጡረታ ለመውጣት ጥቂት ቀርቶኝ ነበር፤ ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ። በዚያች መውጣት ራሴን ይቅር አላልኩም። «መሬቱ በማን ስም ነው» የሚለውን ጥያቄ የጻፈውን ሰው ደግሞ ዛሬም ባገኘው አልለቀውም።

ሱሉልታም ሄድኩ። አልማዝ ነገሩን ሰምታ «ሦስት ጊዜ ነግሬዎት ነበር» አለች።

«ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«ያን ወር ሥራ አልሄድኩም። ባሌ በሽታውን ከማን አመጣሽው ብሎ ሲመታኝ ከረመ። እስከ ዛሬ አላመነኝም። ለእሱ ይንገሩልኝ።»

ለእሱም ነገርኩ። ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ሰማኝና «ኦሆ» ብሎ ወደ ሥራው ሄደ። ይኸው ነው።

በዳቱ ጋ የሄድኩት በመጨረሻ ነው። መናገር ስለፈራሁ አዘግይቼው እንጂ መጀመሪያ መሄድ የነበረብኝ እሷ ጋ ነበር። ከቤቷ ደጃፍ ፍራሽ አንጥፈውላት ፀሐይ ትሞቃለች። አጥንት ብቻ ቀርታለች። አጠገቧ ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ቫይረሱ ተገኝቶባት እንደነበር፣ የሰጠችኝን ስም ይዤ ወደ አልማዝ እንደሄድኩ፣ የእሷን ሕክምና አልማዝ ላይ እንደሠራሁት። እንድትረግመኝ ነበር የሄድኩት።

«አመማት እንዴ?» አለች።

«ትንሽ።»

«አሁንስ ደህና ናት?»

«ደህና ናት።»

«እሰይ» አለች። «ቤቷን አፍርሰውባት፣ እኔ ደግሞ ስሟን ወስጄባት። እሷ እንኳን ትትረፍ።»

ማልቀስ ስጀምር «ዺሲ፣ ዺሲ» አለችኝ፤ ተዪው ማለቷ ነው። ከዚያ በእጇ ወደ ማሳው አሳየችኝ። ቀይ ቀለም የተቀቡ ችካሎች በጤፉ መሀል ተተክለዋል። ማስተር ፕላኑ ቀርቷል ተብሎ በሬዲዮ ከተነገረ ቆይቷል፤ ለመንገድ ነው ብለው ለኩት።

«መሬቱን እንደሆነ ወሰዱት» አለች። «አሁን ስሜን ይጻፉ።»

ደብተር አልያዝኩም ነበር። ብይዝስ የት እጽፈዋለሁ? በመዝገቡ አልማዝ ታማ ድናለች፤ ይህች ሴት ጭራሽ የለችም። «ንገሪኝ፣ እጽፋለሁ» ብዬ ከቦርሳዬ የመድኃኒት ካርቶን አውጥቼ ቀደድኩ። እሷም ፊደሉን ታውቀው ይመስል ጣቴን እየተከተለች ቀስ ብላ ነገረችኝ። ከተቀበረች ሦስት ዓመቷ ነው። ስሟ በዳቱ ሆርዶፋ ጉታ ነው።